የፔጆዋ የኋላ መብራት

ሐምሌ 18

በፔጆ 404 መኪናዬ ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስመለስ ደንገጎ ላይ መሸብኝ። ቁልቁለቱ ጠመዝማዛ ነው፤ ፍሬን ሳይያዝ አይወረድም። ከኋላዬ የሚመጣ አይሱዙ ደጋግሞ ክላክስ ያደርጋል። ከተማ ስንገባ አጠገቤ መጥቶ ቆመ፤ ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «አቦ፣ ፍሬን ስትይዝ የሚበራው ፍሬቻህ ነው! ይሄን መኪና በማታ እንዳታወርድ» አለኝ። አመስግኜው ቀስ ብዬ ቤት ገባሁ።

ሐምሌ 19

ፀሐዩ ሳይበረታ ካቻቪቴ ይዤ ከመኪናዋ ኋላ ተቀመጥኩ። ቀዩን ፕላስቲክ ስፈታው ውስጡ አቧራና የደረቀ ጭቃ ነው። ዙሪያውን የሚያሽገው ጎማ ተሰነጣጥቋል፤ የድሬ ሙቀት ጎማ አይምርም። አምፑሉን ተጫን አድርጌ ሳዞረው እምቢ አለ፤ በጨርቅ ይዤ ወዲያ ወዲህ ሳነቃንቀው ነው የወጣው። የነሐስ እግሩ አረንጓዴ ለብሷል። የተቀመጠበት የብረት መያዣ ግማሹ ቀይ ዝገት፣ ግማሹ ነጭ ዱቄት ነው። ከታች ያለችው ስፕሪንግም ደርቃ አትንቀሳቀስም።

ነጩን አውቀዋለሁ። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየም ይበዛበታል፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረውም እሱው ነው። መኪናዋ በታጠበች ቁጥር ውሃው በተሰነጠቀው ጎማ ይገባል፤ ሲተን ጨዉን ትቶ ይሄዳል። ነሐስና ብረት በእርጥበት ሲነካኩ ደግሞ ብረቱ ቶሎ ይበላል።

ሐምሌ 21

መጋላ ሰፈር አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን ዘንድ ሄድኩ። እጃቸውን ያፍታቱት በምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው፤ የዚህች ከተማ ብዙ ባለሙያ የወጣው ከዚያ ነው።

«ጋሼ፣ አምፑሉን ልቀይረው?»

«ተወው ልጄ፣ አምፑሉ ምን አጠፋ? ማሳው ነው።»

የቴስተራቸውን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የአምፑሉ መያዣ ላይ አድርገው ፍሬን እንድይዝ አዘዙኝ። ቴስተሩ ከ2 ቮልት በላይ አሳየ። ማሳው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ፣ ደህና ቢሆን ኖሮ ዜሮ አጠገብ ይቆም ነበር። በላሜራው በኩል ወደ ባትሪው መመለስ ያቃተው ኤሌክትሪክ በፍሬቻው አምፑል ክር ዞሮ መንገድ ይፈልጋል። የአይሱዙው ሹፌር ያየውም ይህንኑ ነበር።

ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፑል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ገደማ ይስባል። ዝገቱ 1 ኦም ብቻ ቢያግድ እንኳ አምፑሉ ጋ የሚደርሰው 10.5 ቮልት ያህል ነው። ብርሃን ደግሞ ከቮልቱ ይልቅ በፍጥነት ይወርዳል፤ በዚህች ትንሽ ጉድለት ከሲሶ በላይ ይጠፋል። መብራቱ እየበራ ከኋላ ያለ ሰው ግን በደንብ አያየውም።

ሐምሌ 22

ሥራው ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አልጠየቀም። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ። ነጩን ጋግርት በኮምጣጤ በራሰ ጨርቅ አለሰለስኩት፤ ወዲያው በንጹህ ውሃ ጠርጌ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት፤ ኮምጣጤ ብረት ላይ ከቆየ ራሱ ያዝጋል። ቀዩን ዝገት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ብረቱ እስኪያበራ ፈገፈግሁት። ስፕሪንጓን በፒንሳ እያነቃነቅሁ ለቀቅኳት። መያዣው ከላሜራው ጋር የሚገናኝበትን ቪቴም ፈትቼ ሥሩ ያለውን ቀለምና ዝገት አጸዳሁ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ቦታ ነው። ሲታሰር ስስ ግሪስ ቀባሁት፤ ብርጭቆ ወረቀት የብረቱን ልባስ ስለሚያነሳ ያለ ግሪስ ተመልሶ ይዝጋል። ማሸጊያውን ጎማ በአዲስ ቀየርኩት።

መለዋወጫ ሱቅ ሁሉ «ኤልኢዲ አስገባበት» ይላል። የዛገ መያዣ ላይ ኤልኢዲ መትከል ግን በሽታውን መሸፈን ነው።

ሐምሌ 26

ፍሬኑም ፍሬቻውም የየራሱን ሥራ ይሠራል። ቴስተሩ አሁን ዜሮ አጠገብ ነው።

ፔጆ 404 ፈረንሳይ ውስጥ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ የቤት መኪናው ምርት እዚያ የቆመው በ1975 ነው። ድሬዳዋንና ሐረርን በታክሲነት ስታገለግል የኖረች መኪና ናት፤ ዛሬ መንገዱን ባጃጅ ቢይዘውም እዚህም እዚያም ትታያለች። ሞተሯን የሚያውቅ ባለሙያ አሁንም አይጠፋም፤ የኋላ መብራቷን የሚያይላት ግን የለም፤ ሹፌሩ ከፊት ነዋ የሚቀመጠው። ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ አምፑል ቀይሮ ማለፍ ቦሎ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ማታ ደንገጎ ላይ ከኋላችን የሚወርደውን ሰው አያድነውም።

አሮጌ መኪና ያላችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ሲመሽ አንድ ሰው ከኋላ አቁሙና ፍሬን ያዙ። መብራቱ ከፈዘዘ ወይም ፍሬቻው አብሮ ከበራ፣ አምፑል ከመግዛታችሁ በፊት መያዣውን ፈትታችሁ እዩ።