የወረደችው ቀስት

ሚሌ ላይ ያደረ ሞተር ሞቆ ያደረ ይመስላል። ጎህ ሳይቀድ የበሩን እጀታ ስትይዘው ለብ ብሎ ይጠብቅሃል። በጅቡቲ መንገድ በረዳትነት ሥራ ስጀምር፣ መኪና ማሟሟቅ የደጋ ሾፌሮች ልማድ እንጂ የአፋር በረሃ ጉዳይ አይመስለኝም ነበር። አለቃዬ ግን አስነስተው ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ሳያቆዩት አይነቃነቁም። አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ «40 ዲግሪ ላንተ በረሃ ነው፤ ለሞተር ብርድ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ናፍጣ ሞተር በደንብ የሚሠራው ውሃው ወደ 80ና 90 ዲግሪ ሲደርስ ነው። ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ተነስቶ ተርቦው ጋ ሳይደርስ ነዳጅ ከተረገጠ ብረት ከብረት ይፋተጋል። በሚኒሞ ብዙ ማቆየትም ጥሩ አይደለም። ጥቂት ከቆየ በኋላ የሙቀት ጌጁ ቀስት እስክትነሳ በለስላሳው መንዳት ይበቃል፤ ከሚሌ ሲወጣ ያለው ሜዳ ደግሞ ለዚህ ይመቻል።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን በኮምቦልቻ መንገድ ወደ ባቲ ስንወጣ ነው። ሚሌ 500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ከ1,800 ሜትር በላይ። ማዳበሪያ በተሳቢ ጭነን፣ ነፋሱም ከኋላችን ሆኖ፣ የሙቀት ጌጁ ቀስት ቀስ እያለች ወጣች። እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም። ድንገት ወረደች። «እሰይ፣ ቀዘቀዘ!» አልኩ። አለቃዬ ቃል ሳይናገሩ ዳር ይዘው ሞተሩን አጠፉት።

የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ ተተርትሮ ውሃው አልቆ ነበር። ጌጁ የሚለካው የነካውን ውሃ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ በባዶ ይቀራልና ቴስታታው እየነደደ ቀስቷ ትወርዳለች። ትንሽ ብንቀጥል ቴስታታው ይጣመም ነበር። ክዳኑንም አላስነኩኝም፤ ሲከፈት ግፊቱ ይለቀቅና የቀረው ውሃ ባንዴ ፈልቶ ፊት ላይ ይገነፍላል። እስኪበርድ ጠበቅን። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ይሰነጥቀዋል።

ሰማይ ላይ ያሉትም ሞተር እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። ሞተር ባላቸው አንዳንድ ቀላል ተንሸራታች አውሮፕላኖች ላይ የሚገጠመው ሮታክስ 912፣ ዘይቱ 50 ዲግሪ ሳይደርስ ሙሉ ጉልበት አይጠየቅም። አብራሪው ሞተሩን አጥፍቶ ሲንሳፈፍ ደግሞ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ መልሶ ሲያስነሳው እንደገና ማሟሟቅ አለበት። እሱ ዳር ይዞ የሚቆምበት መንገድ የለውም። እኛ አለን።

ወጣት ሾፌሮች፣ ቀስቷ ቀዩን እስክትነካ አትጠብቁ፤ የዘወትር ቦታዋን እወቁና ከዚያ ስትለቅ፣ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች፣ ምክንያቱን ፈልጉ። ሞተሩ ውሃ እያለው ከሞቀ ጫናውን አቅልላችሁ በሚኒሞ አብርዱት፤ ውሃ ካለቀበት ግን እዚያው አጥፉት። ረዳቶቻችሁንም ጌጅ ማንበብ አስተምሯቸው።