የነጋታው ቀን ዜማ

ከ1976 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. የኢጣልያ ቴሌቪዥን «የነጋታው ቀን አልማናክ» የተሰኘ አጭር ዝግጅት ነበረው። የነገይቱን ፀሐይ መውጫና መግቢያ፣ የዕለቱንም ቅዱስ ይናገራል። ይህን የባላገር ጉዳይ በዘመናዊው መስኮት ያስገባው አንቶኒኖ ሪካርዶ ሉቺያኒ የደረሰው «ሻንሶን ባላዴ» ነው። ስሙ ጥንታዊ ነው፤ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ባለቅኔና የዜማ ደራሲ ጊዮም ደ ማሾ አዝማች ላላቸው ዘፈኖቹ የመረጠው ነበር። ሉቺያኒ የቀድሞ ድርሰት አልገለበጠም፤ በቀድሞው ስልት አዲስ ደረሰ። ይህ ማስመሰል ነው የሚል ሐያሲ አይጠፋም። ታዲያ የፀሐይን መውጫ ለማብሰር ኤሌክትሪክ ጊታር ምን ሥልጣን አለው? ዜማው ከማታው ዜና አስቀድሞ በየቤቱ ገባ። ዛሬም ሲሰሙት የሚያውቁት ኢጣልያውያን ብዙዎች ናቸው፤ ደራሲውን በስሙ የሚጠሩት ግን ጥቂቶች። በዚህስ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አስጊጠው ስማቸውን ሳይጽፉ የሄዱትን የጥንት ሠዓሊዎች ሳይመስል አልቀረም።