የተጫረው ጠገራ ብር

አያታችን ካንገቷ ፈትታ «ለመመዝገቢያችሁ ሽጡት» ብላ የሰጠችን ጠገራ ብር ወልቂጤ ላይ ገዢ አጣ። ነጋዴው ገልበጥ አድርጎ አየና «ተበስቷል፤ ደሞም ተጭሯል፤ ሰብሳቢ አይነካውም» ብሎ መለሰልን። አኩርፈን ወደ ቡታጅራ ተሻገርን።

የቡታጅራው አንጥረኛ ሽማግሌ ናቸው። ሚዛን ሳያወጡ በፊት ብሩን ድንጋይ ላይ ጣል አድርገው ድምፁን አዳመጡ። ቀጥለው የማሪያ ቴሬዛን የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች በጥፍራቸው ቆጠሩ፤ ዘጠኝ። የድሮ ሰው እንዲህ ነበር የሚመረምረው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ብትሞትም ብሯ ያንኑ ዓመት እንደያዘ ሲመታ ኖሯል፤ መጀመሪያ በአገሯ፣ ከ1930ዎቹ ወዲህ ሮምና ለንደን ላይ ጭምር። ምኒልክ 1887 ዓ.ም. የሚል የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስቀርጸው እንኳ ገበያው ጠገራውን አልለቀቀም። እየለቀቀ የመጣው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ነው።

«ጋሼ፣ ጭረቱስ?» አልናቸው።

«ጭረቱማ ምስክር ነው ልጆቼ። ውስጡ መዳብ እንዳይሆን የጠረጠረ ሰው ነው የመታው። መርምሮ አሳልፎታል።»

ኋላ ስናነብ ነገሩ የእኛ አገር ብቻ እንዳልሆነ ገባን። በመዶሻ የተመቱት የቬኒስ ወርቅ ዱካቶች ኦቶማን ግዛት ሲገቡ «ሳህ» የምትል ትንሽ ማኅተም ያርፍባቸው ነበር፤ «ትክክል ነው» ማለት ነው። ፖርቱጋል ደግሞ በ1640 ከስፔን ከተላቀቀች በኋላ በነባር ወርቅና ብሯ ላይ ማኅተም እየመታች ዋጋውን ከፍ አደረገች። ወርቁ ያው ወርቅ፣ ክብደቱም ያው! ንጉሥ ሲመታው ዋጋ ይጨምራል፤ የጉራጌ ነጋዴ በምስማር ሲጭረው ግን «ተበላሸ» ይባላል። እኛም ወልቂጤ ላይ ይህንኑ አምነን ነበር ያኮረፍነው፤ አፈርን።

ሽማግሌው መዘኑት፤ ሃያ ስምንት ግራም ሊሞላ ጥቂት ጎደለው። የሰጡን ዋጋ ለመመዝገቢያው ይበቃል። እርስ በርስ ተያየን። ማንኛችንም «እሺ» አላልንም።

ገንዘቡን ካጎታችን ተበደርን። ብሩን ስንመልስላት አያታችን፣ «ሽጡ አልኳችሁ እንጂ አስመርምሩ አልኳችሁ?» ብላ ተቆጣችን። ክሩን ግን ወዲያው ካንገቷ አሰረችው።