ሆለታ ገነትና የወታደር ተማሪ ስንቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው የአምቦ መንገድ ቡራዩንና መናገሻን አልፎ፥ የወጨጫን ተራራ በግራ ትቶ፥ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄድ ሆለታ ገነት ይደርሳል። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ስንዴ፥ ባቄላና ድንች ይበቅልበታል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚወርድ፥ ከቆላ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ሰሞን ጋቢ ደርቦም አይሞቀው።

በዚህ ስፍራ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። በ1927 ዓ.ም. ግን ገነት የጦር ትምህርት ቤት ሆነ፤ መምህራኑም በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኰንኖች ነበሩ። ተማሪዎቹ ደግሞ ከአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የተመረጡ ወጣቶች ነበሩ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር ለቤተ ሰብ ምን ያህል እንግዳ እንደ ነበረ እናስብ። በቀድሞው ሥርዓት ወታደር ብቻውን አይዘምትም ነበር። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ በተደረገው ዘመቻ ሴቶች ስንቅ አዘጋጅተው፥ ውሃ እያቀበሉ፥ ቁስለኛ እያስታመሙ ከጦሩ ጋራ ተጉዘዋል። ቤቱ ከነምድጃው ወታደሩን ይከተለው ነበር ለማለት ይቻላል። የጦር ትምህርት ቤት ግን ልጁን ብቻውን ተቀበለ። መንግሥት ያበላዋል፥ ያለብሰዋል፤ እናቱ ግን ከበሩ አታልፍም። ስለዚህ ከቤት ወደ እርሱ ሊደርስ የሚችለው ስንቅ ቃል ብቻ ሆነ፤ ይኸውም ደብዳቤ ነው።

የወታደር ተማሪ ቀን በየትም አገር ቢሆን ይመሳሰላል። ጎሕ ሲቀድ በመለከት ይነሣል፤ አልጋውን አንጥፎ፥ ፊቱን ታጥቦ ይሰለፋል። ከቁርስ በኋላ ካርታ ማንበብ፥ የመሣሪያ አያያዝና ሰልፍ ይማራል። ማታም ጠመንጃውን ወልውሎ፥ ጫማውን ቀብቶ፥ ለነገ ያለውን አጥንቶ፥ መብራት ሲጠፋ ይተኛል። ለራሱ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዚያች ጥቂት ጊዜ ተከፍሎ የሚጻፈው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ እኩሌታው ሰላምታ፥ የቀረውም «እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» የሚል ነው። ማንበብ ለማትችል እናት ታናሽ ልጇ ወይም የሰፈሩ ዲያቆን ያነብላታል። እርስዋም ሰምታ ስታበቃ «ሌላስ ምን ይላል?» ብላ ትጠይቃለች። ሌላ የለም። እርስዋ ልታውቀው የምትሻው ግን ብርዱን እንዴት እንደ ቻለው፥ ከጎኑ የሚተኛው የማን አገር ልጅ እንደ ሆነ፥ ጫማው እግሩን ልጦት እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ያለው ሦስት መስመር ከአንድ ገጽ ሰላምታ ይበልጥባታል።

በቤት በኩልም ጉድለት አለ። በአገራችን ልማድ ሩቅ ላለ ሰው መርዶ በጽሕፈት አይላክም። አባት ቢሞት ለልጁ «ሁላችንም ደኅና ነን» ተብሎ ይጻፍለታል፤ ለዕረፍት ሲመጣም ዘመድ ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ ያረዳዋል። ይህ የሚደረገው ከፍቅር የተነሣ መሆኑ ግልጥ ነው፤ ልጁ በሰው አገር ብቻውን እንዳያለቅስ ታስቦ ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ እንዲህ የተረዳ ወጣት ከዚያ ወዲያ «ደኅና ነን» የሚለውን ቃል አያምንም፤ የሚመጣለትን ደብዳቤ ሁሉ በጥርጣሬ ይከፍታል። ስለዚህ የሚሻለው ልብ ያለው አንድ ዘመድ ተነሥቶ ሄዶ፥ ከአለቃው አስፈቅዶ፥ ፊት ለፊት ቢነግረውና አብሮት ቢያለቅስ ነው።

የመጀመሪያዎቹ የገነት ተማሪዎች ታሪክ የዚህን ነገር ክብደት ያሳያል። ትምህርታቸውን ሳይፈጽሙ ጠላት አገሩን ያዘ። በ1928 ዓ.ም. ከእነርሱ ብዙዎቹ ያንኑ የምዕራብ መንገድ ይዘው ነቀምቴ ደረሱ፤ በዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ይመራ ከነበረው ከጥቁር አንበሳ ማኅበርም ጋራ ሆኑ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ቦነያ ላይ ያረፉትን የኢጣልያ አውሮፕላኖች ካቃጠሉት አርበኞች መካከል የገነት ልጆች ነበሩ። በ1929 ዓ.ም. ማኅበሩ ከተበተነና የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ግን፥ በጠላት እጅ ከነበሩት ብዙዎቹ ተረሸኑ። ከዚያ ወዲያ ለእናቶቻቸው የሚመጣ ደብዳቤ አልነበረም፤ ቀድሞ የተጻፈው ምን ይል እንደ ነበር ማሰብ ብቻ ቀረላቸው።

ዛሬ ስልክ አለ፤ ተማሪውም ሲፈቀድለት የእናቱን ድምፅ በቅጽበት ይሰማል። ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። ሆኖም ጥሪው ሁሉ «ደኅና ነህ?»፥ «ደኅና ነኝ» ተብሎ የሚያልቅ ከሆነ የቀድሞው ደብዳቤ ጉድለት ዛሬም አልተወገደም ማለት ነው። ልጃችሁን ወደ ጦር ትምህርት ቤት የሰደዳችሁ ወላጆች ሆይ፥ በሚቀጥለው ጊዜ የታመመውንም፥ የወለደችውንም ላም፥ የተጓደለውንም አጥር ንገሩት። እርሱም የበላውንና የደከመበትን ይንገራችሁ።