በደብረ ሲና ተራራ ላይ የዋልንበት ቀን

ደብረ ሲና የሚለውን ስም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳይሰማ ያደገ ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን አይገኝም። በሸዋ ከጣርማ በር ግርጌ ያለችው ከተማ በዚህ ስም ትጠራለች፤ በጣና ሐይቅ ዳር በጎርጎራ ያለችውም ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ደብረ ሲና ማርያም ትባላለች። ነገር ግን ስሙን የሰጠውን ተራራ ራሱን በእግሩ የረገጠ ሰው ከእኛ መካከል ጥቂት ስለ ሆነ፣ ከእናቴ ጋራ በዚያ የዋልንበትን አንድ ቀን ለአንባቢዎች መንገር መልካም መስሎ ታየኝ።

ተራራው የሚገኘው በግብፅ አገር፣ በሲና በረሃ ደቡብ ነው። አረቦች ጀበል ሙሳ ይሉታል፤ ይኸውም የሙሴ ተራራ ማለት ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,285 ሜትር ነው። ይህ ቍጥር ለደጋ ሰው አያስደንቅም፤ የአዲስ አበባ አብዛኛው ክፍል ከዚህ ከፍ ያለ ነውና። የሚያስደንቀው የተራራው ራቁትነት ነው። እኛ ተራራ ስንል ሣሩን፣ ዛፉን፣ ከሥሩ የሚፈልቀውን ምንጭ አብረን እናስባለን። በዚያ ግን ከግርጌው እስከ ራሱ ቀይና ቡናማ ጥቍር ድንጋይ ብቻ ነው፤ አንዱ ቋጥኝ በሌላው ላይ ተቈልሎ ይታያል እንጂ ለዓይን ማረፊያ የሚሆን አረንጓዴ ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

ከተራራው ግርጌ በገደሎች መካከል የቅድስት ካተሪና ገዳም አለ። የሮም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ በ6ኛው መቶ ዓመት በጥቍር ድንጋይ አጥር አሠርቶታል፤ ከዚያም ጀምሮ መነኮሳት ሳይለዩት እስከ ዛሬ ኖሯል። ሙሴ ያያት ዕፅ ናት የምትባለው ቍጥቋጦ በቅጥሩ ውስጥ ትገኛለች። በ7ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ዮሐንስ የሚባለው የዚሁ ገዳም አበ ምኔት፣ ነፍስ ወደ እግዚአብሔር የምትወጣበትን መንገድ በ30 ደረጃ ከፍሎ በመሰላል መስሎ የጻፈው መጽሐፍ በዓለም ሁሉ ታውቋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ዓመተ ምሕረት ገዳሙና አካባቢው በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል።

ወደ ተራራው ራስ የሚያወጡ መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው መነኮሳት ድንጋይ እየደረደሩ የሠሩት የንስሐ ደረጃ ነው፤ ቍጥሩም 3,750 ነው ይባላል። አጭር ነው፤ ዳሩ ግን ጕልበት ይሰብራል። ሁለተኛው በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የግብፁ ገዥ አባስ ፓሻ ያስጠረገው የግመል መንገድ ነው። ይህ እየተጠማዘዘ በዝግታ ስለሚወጣ ለአረጋውያን ይሻላል። ሆኖም ከተራራው ራስ በታች ከደረጃው ጋራ ይገናኝና፣ የቀረውን 750 ደረጃ ግመልም አይወጣውም፤ ሰው ሁሉ በእግሩ ይወጣዋል።

እናቴ ዕድሜያቸው 70 ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነበር። ወደ ደብረ ሲና በእግራቸው ለመውጣት ስለት እንዳለባቸው ከልጅነቴ ጀምሬ እሰማ ነበር፤ ስለቱ ስለ ምን እንደ ሆነ ግን ነግረውኝ አያውቁም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በኅዳር ወር ጕዞው ተሳክቶልን ከገዳሙ ደጅ ደረስን።

መሪያችን ከጀበሊያ ወገን የሆነ የበረሃ ሰው ነበር። ጀበሊያ ማለት የተራራው ሰዎች ማለት ነው፤ ራሳቸው እንደሚተርኩት አባቶቻቸው ገዳሙን እንዲያገለግሉ ዮስጢንያኖስ ያመጣቸው ናቸው። እስላሞች ሲሆኑ ከመነኮሳቱ ጋራ በሰላም ኖረዋል። ብዙዎቹ መንገደኞች የፀሐይን መውጣት ከራሱ ላይ ለማየት በእኩለ ሌሊት ይነሣሉ። መሪያችን ግን እናቴን አይቶ፣ በጨለማ ከብዙ ሰው ጋራ መጋፋት ለእሳቸው አይበጅም አለ፤ ከሌሊቱ በ11 ሰዓት ተነሣን። ግመልም አቅርቦላቸው ነበር። እሳቸው የግመሉን አንገት ዳሰስ አድርገው፣ «ይህ መልካም ፍጥረት ነው፤ ስለቴ ግን በእግር ነው» አሉና ምርኵዛቸውን ይዘው ቀደሙን።

ብርዱ እንደ ደጋችን የኅዳር ውርጭ አጥንት ይነካ ነበር። ጎሕ ሲቀድ ድንጋዩ አስቀድሞ ሐምራዊ፣ ቀጥሎ እንደ ፍም ቀይ ሆነ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጋቢያችንን አወለቅን። በዚህ አገር ላብ ሳይታይ ይደርቃል፤ ስለዚህ ሰው አልተጠማሁም እያለ ውኃው ከሰውነቱ ያልቃል። መሪያችን በየመታጠፊያው እያስቆመ፣ ጥም ሳይመጣ አንድ አንድ ጕንጭ እንድንጠጣ ያዘን ነበር። እኔ በወጣትነት ኵራት ሁለት ጊዜ እንቢ ብዬ በሦስተኛው ራሴን አዞረኝ፤ እናቴ ግን እንደ ታዘዙት ጠጥተው ደኅና ነበሩ።

ከጧቱ በ4 ሰዓት ገደማ የግመሉ መንገድ ከሚያልቅበት ደረስን። በዚያ አጠገብ የኤልያስ ሜዳ የሚባል በቋጥኝ የተከበበ ጐድጓዳ ስፍራ አለ። ረጅም የፈረንጅ ጥድና በነቢዩ ኤልያስ ስም የተሠራ ትንሽ ቤተ ጸሎት ይገኙበታል። ከዚያ በላይ 750ው ደረጃ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይታያል። እናቴ ከጥዱ ጥላ ሥር ተቀምጠው ጕልበታቸውን ያሹ ጀመር፤ ቀኝ ጕልበታቸው አብጦ ነበር። መሪያችን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

እዚህ ላይ ያደረግሁትን ሳልደብቅ እናገራለሁ። «እማማ፣ ጥቂት አርፈው ይውጡ፤ ከዚህ ደርሰው ከተመለሱ አገር ቤት ምን ይሉናል?» አልኋቸው። ስለ ጕልበታቸው ሳይሆን፣ እናቱን ከደብረ ሲና ራስ አደረሰ የሚለው ስም እንዳይቀርብኝ አስቤ ነበር። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ የተሳልኩት ለእግዚአብሔር ነው እንጂ ለጐረቤት አይደለም» አሉ።

ቀጥለውም ዕድሜዬን ሁሉ ያልነገሩኝን ነገሩኝ። የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለሁ በትኵሳት ታምሜ እግሬ አልላወስ ብሎ ከረመ። በዚያን ጊዜ፣ ይህ ልጅ በእግሩ ቢሄድልኝ፣ እኔም በእግሬ ሕግ ወደ ተሰጠበት ተራራ እወጣለሁ ብለው ተሳሉ። «እኔ እግዚአብሔር የሰጠኝን ጕልበት ጨርሻለሁ፤ ነቢዩ ኤልያስም 40 ቀን ተጕዞ እግዚአብሔርን ያገኘው ከዋሻ አፍ ቆሞ ነው እንጂ ከተራራው ራስ ላይ አልነበረም። የቀረውን ደረጃ በዳነው እግርህ አንተ ውጣልኝ፤ ስለቱ ያን ጊዜ ይፈጸማል» ብለው ጧፋቸውን ሰጡኝ።

መሪያችን ከእሳቸው ዘንድ ቀረ፤ የወንድሙ ልጅ ከእኔ ጋራ ወጣ። ደረጃው አንዱ አጭር አንዱ ረጅም፣ ብዙ ዘመን በመንገደኛ እግር የተላገ ነው። እኔም እያንዳንዱን እየቈጠርኩ ስወጣ፣ ከዚያ ቀን በፊት ስለ እግሬ እግዚአብሔርን አንድ ጊዜ እንኳ አመስግኜ እንደማላውቅ አሰብኩ። ከራሱ ላይ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1934 የተሠራ፣ በቅድስት ሥላሴ ስም የተሰየመ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ከጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ላይ የቆመ ነው። አጠገቡም ትንሽ መስጊድ አለ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ተዘግቶ ስለ ነበረ ጧፉን ከደጁ አበራሁ፤ ነፋሱ ወዲያው አጠፋው። በደቡብ ምዕራብ ከ2,600 ሜትር በላይ የሆነው የቅድስት ካተሪና ተራራ፣ ከዚያም ወዲያ ማለቂያ የሌለው የድንጋይ ማዕበል ይታያል። ድምፅ የሚባል ነገር አልነበረም።

ወደ እናቴ ስመለስ መሪያችን ሻይ አፍልቶላቸው፣ ቋንቋ ሳይግባቡ በእጅ እየተጠቋቈሙ ይጫወቱ ነበር። ጧፉ እንደ ጠፋ ብነግራቸው፣ «በርቷል አይደል? ይበቃል» አሉኝ። እኔ በደረጃው መውረድ እመኝ ነበር፤ ነገር ግን ከእሳቸው ጋራ በግመሉ መንገድ ወረድሁ። በዚህ ጊዜ ግመሉ ሲቀርብላቸው ያለ ክርክር ወጡበት። እኔም ገርሞኝ ባያቸው፣ «ስለቴ ለመውጣት ነው እንጂ ለመውረድ ተስዬ አላውቅም» ብለው አሳቁን።

እንግዲህ ወደዚህ ተራራ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ወፍራም ጫማ፣ ለሌሊቱ ጋቢ፣ ለቀኑ በቂ ውኃ ይያዝ፤ የአገሩን መሪ ቃል ይስማ፤ አረጋውያንን የሚወስድም በግመሉ መንገድ ይውሰድ። ከሁሉ በላይ ግን ወላጆቹ በሕይወት ያሉለት ሰው፣ ስለ እርሱ ምን እንደ ተሳሉ ዛሬውኑ ይጠይቃቸው። እኔ የእናቴን ስለት ለመስማት እስከ ኤልያስ ሜዳ መሄድ አስፈልጎኝ ነበር፤ ሌላው ግን በቤቱ ምድጃ አጠገብ ሊሰማው ይችላል።