ከሳንቃበር እስከ እሜት ጎጎ

ማለዳ ከሳንቃበር ተነስቼ የገደሉን አፋፍ ይዤ ሮጥኩ። በግራዬ ቆላው በጉም ተሸፍኗል፤ ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣር መንጨት ጀምረዋል። ከጂንባር ወንዝ በኋላ ያለው ዳገት ግን ሩጫ አይባልም፤ እጅን ጉልበት ላይ አድርጎ መግፋት ብቻ ነው። አብረውኝ የወጡት አዛውንት ስካውት ጠመንጃቸውን አንግተው፣ በኮንጎ ጫማ፣ ሁሌም ከፊቴ ናቸው። «ትንፋሽህን አትጨርስ ልጄ፣ ደጋው ገና ነው» አሉኝ። እንዲህ ያለ እርምጃ የትም አላየሁም።

ጊጭ ላይ ጓሳው በነፋስ ይተኛል፤ በመሃሉ ጅብራው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እሜት ጎጎ፣ 3,926 ሜትር ላይ፣ መሬቱ ድንገት አለቀ። ጉሙ ሲገለጥ ታች ድረስ አምባ በአምባ ላይ። ሰዓቴን ማየት ረሳሁ፤ እንባዬ መጣ። ጋሼ ምንም ሳይሉ ከኪሳቸው ቆሎ አውጥተው አዘገኑኝ።