የመኪናዬ መሪ

ከአባቴ የቀረችልኝ ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራች ናት። ጠዋት ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ወደ ስድስት ኪሎ ወርጄ፣ ልጆቼን ትምህርት ቤት አድርሼ ወደ ሥራዬ የምሄደው በእርሷ ነው። መሪዋ በእጄ ላይ ሽቅብ ቁልቁል መወዛወዝ ከጀመረ ከርሟል። ኮረኮንች ሲያገኝ «ቋ፣ ቋ» ይላል። እኔስ ለምጄው ነበር። ያልለመደችው የሰባት ዓመቷ ልጄ ናት፤ አንድ ቀን ከኋላ ሆና «እማዬ፣ መሪው ሊወልቅ ነው?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ወጣቱ መካኒክ መሪውን አንድ ጊዜ ነቅነቅ አድርጎ፣ «እትዬ፣ የመሪው ሣጥን በሙሉ መቀየር አለበት» አለኝ። የጠራው ዋጋ ከወር ደመወዜ ይበልጣል። ሴት ብቻዋን ጋራዥ ስትሄድ የሚገጥማትን እህቶቼ ታውቁታላችሁና አላረዝመውም።

አባቴን የሚያውቁ አንድ አዛውንት መካኒክ ግን መሪውን በሁለት እጄ ይዤ በመጀመሪያ ሽቅብ ቁልቁል፣ ቀጥሎ ግራና ቀኝ እንድነቀንቀው አዘዙኝ። «አየሽ ልጄ፣ መሪው በቱቦው ውስጥ ሽቅብ ቁልቁል ከተጫወተ ያለቀው የላይኛው ኩሽኔታ ነው። መሪው እየዞረ ጎማው ካልተከተለ ደግሞ ችግሩ ከታች ነው። የአንቺ ኩሽኔታው ነው። እርሱ ብቻውን አይጥልሽም፤ ክፋቱ የታችኛውን ልልነት መሸፈኑ ነው» አሉኝ።

ኩሽኔታውን ከሶማሌ ተራ ገዛሁ። አዛውንቱ የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው አቆሙ። የክላክሱ ሽቦ በመሪው ዘንግ ውስጥ ስለሚያልፍ ከኋላ መቀመጫ ሥር ያለውን ባትሪ ፈቱ። መሪው በነበረበት እንዲመለስ ዘንጉ ላይ ምልክት አደረጉ፤ አለዚያ ከታጠፉ በኋላ ፍሬቻው በአግባቡ አይመለስም። ከዚያ ትልቁን ዳዶ ፈተው መሪውን በትዕግሥት ነቀሉት። የአሮጌው ኩሽኔታ ኳሶች ተበልተዋል፤ ግራሶው ደርቆ እንደ ጭቃ ሆኗል። (መሪያቸው ውስጥ የአየር ከረጢት ያላቸው አዳዲስ መኪናዎች በዚህ መንገድ አይነኩም፤ ከረጢቱ ድንገት ከፈነዳ ሰው ይጎዳል።)

አዲሱ ከገባ በኋላ መሪው ጸጥ አለ። ሌላው የተሰማኝም ያን ጊዜ ነው፤ ግራና ቀኝ ሳዞረው ጎማው ጥቂት ዘግይቶ ይከተላል። አዛውንቱ ከመኪናዋ ሥር ገብተው ሲወጡ፣ መሪውን ከግራው ጎማ ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ጫፉ መላላቱን ነገሩኝ። «ደመወዝ እስኪደርስ ብቆይስ?» ብላቸው፣ «ልጆች ይዘሽ?» አሉና እጃቸውን መጥረግ ጀመሩ።

በዕቁባችን የዚያ ሳምንት ዕጣ የወጣላት የቢሮ ጓደኛዬ ተራዋን ለቀቀችልኝ። ልጆቹ ሁለት ቀን በታክሲ ሄዱ።